የታመመ ለታመመ፦ ከአእምሮ ሕመም ያገገሙ ሰዎች የመደጋገፍ ታሪክ

በምሕንድስና ሙያችን የታወቀ አንድ ሥርዓት አለ። ድልድይ ሲሰነጠቅ ወይም ሕንፃ ሲደረመስ፣ መርማሪው ንድፉንና ስሌቱን ብቻ አይቶ አይመለስም፤ በአደጋው ጊዜ በቦታው የነበረውን ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። ስንጥቁ በየት በኩል እንደ ጀመረ፣ ምን ድምፅ እንደ ተሰማ የሚያውቀው እርሱ ነውና። በአእምሮ ሕክምና ታሪክ ግን ይህ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሳይከበር ኖሯል። ታማሚው ስለ ራሱ የሚናገረው ሁሉ የሕመሙ ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ስለ ነበር፣ ምስክርነቱ ከመዝገብ አይገባም ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ፣ ያ ምስክር ቀስ በቀስ እንዴት ሊደመጥ እንደ ቻለ፣ ከዚያም አልፎ ለሌሎች ደጋፊ እንደ ሆነ ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከፓሪስ መጀመር ይገባል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቢሴትር ሆስፒታል ብዙ የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። ሰንሰለቱን ፈታ ተብሎ በዓለም የገነነው ስም የሐኪሙ የፊሊፕ ፒኔል ነው። ይሁን እንጂ በቢሴትር ሰንሰለቱ የወለቀው በ1797፣ ማለትም ፒኔል ወደ ሌላ ሆስፒታል ከተዛወረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያስወለቀውም የሕሙማኑ ክፍል ኃላፊ ዣን ባፕቲስት ፑሳን ነበር። ፑሳን ሐኪም አልነበረም፤ የቀድሞ ሙያው ቆዳ ማልፋት ነው። ወደ ቢሴትር የገባው በአንገት ዕጢ በሽታ ታሞ ሲሆን፣ ከዳነ በኋላ እዚያው ተቀጥሮ ለኃላፊነት በቃ። የእርሱ ሕመም የአእምሮ ባይሆንም፣ በዚያ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። አስታማሚዎችን ሲቀጥርም ካገገሙት ሕሙማን መካከል መምረጥን ልማድ አደረገ፤ እነርሱ ለጭካኔ የማይቸኩሉ ሆነው ተገኝተዋልና። ፒኔልም ከፑሳን ብዙ መማሩን በጽሑፉ መስክሯል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ በአሜሪካ በሌላ መልክ ተነሣ። ክሊፎርድ ቢርስ በ1897 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የያዘ ወጣት ነበር። በ1900 ሕመሙ ጠንቶበት ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ተረፈ፤ ቀጥሎም እስከ 1903 በሦስት ሆስፒታሎች ተዘዋውሮ ድብደባንና እስራትን በገዛ ሰውነቱ አየ። በ1908 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ በ1909ም ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኮሚቴን አቋቋመ። ሐኪሞችና ታላላቅ ሰዎች ከጎኑ ቆሙ። ነገር ግን ድርጅቱ እየገነነ ሲሄድ ሐኪሞቹ መሪዎች ሆኑ፤ የሕሙማን ድምፅም እንደገና ወደ ኋላ ቀረ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ትምህርት አለ። ምስክሩ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ከአዳራሹ ከወጣ፣ ውሳኔው ዞሮ ዞሮ ያለ እርሱ ይሆናል።

በ1940ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሮክላንድ ሆስፒታል የነበሩ ጥቂት ሕሙማን እርስ በርስ መረዳዳት ጀመሩ። ከሆስፒታል ሲወጡም ሳይበታተኑ በከተማው ተገናኙ፤ ለማኅበራቸው የሰጡትም ስም «ብቻችንን አይደለንም» የሚል ነበር። በ1948 በደጋጎች እርዳታ አንድ ቤት ተገዛላቸው፤ በግቢው ውስጥ ፏፏቴ ስለ ነበረ «ፋውንቴን ሀውስ» ተባለ። በዚህ ቤት ሰው «በሽተኛ» ሳይሆን «አባል» ይባላል። ምግብ ማብሰሉን፣ የጽሕፈቱን ሥራ፣ እንግዳ መቀበሉን አባላቱ ከሠራተኞቹ ጋር ጎን ለጎን ይሠራሉ። ቆየት ብሎም ይህ አሠራር ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ።

ከዚህም ጠንከር ያለ አቋም የያዘች ጁዲ ቻምበርሊን ነበረች። በ1966 ከፈቃዷ ውጭ ሆስፒታል ገብታ የነበረችው ይህች ሴት፣ በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሕሙማን ራሳቸው የሚመሯቸው የድጋፍ ድርጅቶች እንዲቋቋሙ ተከራከረች። በመጀመሪያ እንደ አመፅ የታየው ሐሳብ ከጊዜ በኋላ የመንግሥት አሠራር ሊሆን በቃ። በ1999 የጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ ሠልጥነው ሌሎችን ለሚደግፉ ያገገሙ ሰዎች ከሕዝብ ጤና መድን ክፍያ መስጠት ጀመረ።

የሐሳቡ አድማስም ሰፋ። በ2006 በአሜሪካ የወጣ ዘገባ፣ በመንግሥት ተቋማት የሚታከሙ ጽኑ የአእምሮ ሕሙማን ከሌላው ሕዝብ በአማካይ 25 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አመለከተ። ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ የልብ ሕመም፣ ስኳርና ትምባሆ የመሳሰሉት ናቸው። ስለሆነም አእምሮን ብቻ ነጥሎ ማከም እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። ሥራው፣ ገቢው፣ ማደሪያው፣ ወዳጆቹ፣ እምነቱና አካሉ ሁሉ አንድ ላይ ይታዩ ተባለ። እኛም መሠረቱን፣ ዓምዱንና ጣሪያውን ነጣጥለን አንድ ሕንፃ ጸና እንደማንል ሁሉ ማለት ነው።

ነገር ግን ማጋነን አይገባም። የዚህ ድጋፍ ውጤት ከጥናት ወደ ጥናት ይለያያል፤ መድኃኒትንና ሐኪምንም አይተካም። በ2018 በእንግሊዝ የታተመ በ441 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ተስፋ ሰጪ ነው። ያገገሙ ሰዎች እየደገፏቸው ራሳቸውን የመጠበቂያ ዕቅድ ካዘጋጁት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አጣዳፊ ሕክምና የተመለሱት 29 በመቶ ሲሆኑ፣ የዕቅዱን ጽሑፍ በፖስታ ብቻ ካገኙት ግን 38 በመቶ ነበሩ።

ይህን ታሪክ እንዳጠና ያነሣሣኝ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ባልደረባችን በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለወራት ከሥራ ቀረ። እግሩ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ብርቱካን ይዘን ተሰልፈን በሄድን ነበር፤ ሲመለስም «እንኳን እግዜር ማረህ» ባልን ነበር። ያን ጊዜ ግን ዝም አልን፤ እኔም ከዝምተኞቹ አንዱ ነበርሁ። ቀርቦ ያነጋገረው አንድ የቀያሽ ረዳት ብቻ ነበር። «እኔም ዐልፌበታለሁ» አለው፤ ከዚያም በየማለዳው ሻይ አብሮት ይጠጣ፣ የክትትሉ ቀን ሲደርስም ያስታውሰው ጀመር። ባልደረባችን ዛሬ በሥራው ላይ ይገኛል። ለመዳኑ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ እርሱ ራሱ ግን ያንን ሻይ ደጋግሞ ያነሣል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሆኖም ሰው በሽታውን የሚደብቀው የሚሰማው ሲያጣ ጭምር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ማኅበራችን ለሐዘንና ለአካል ጉዳት የሚደርስ የመረዳጃ ልማድ አለው። ከአባላት መካከል በዚህ ሕመም ያለፉና ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂቶች ሥልጠና አግኝተው፣ ምስጢር ጠብቀው፣ ለታመመ ባልደረባ የሚደርሱበትን መንገድ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ብንመክርበት መልካም ይመስለኛል።