የእታለም ደብተር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትወርዱ ጎብዬ አስፋልቱ ዳር ናት። እዚያ አንድ የእህል መደብር አለ፤ ባለቤቷን አገሩ ሁሉ «እታለም» ይላቸዋል። እኔ በርቀት ለውጭ አገር ደንበኛ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ቤተሰብ ልጠይቅ ብቅ ባልኩበት አስጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ተማረ አሉኝ። ከዚህ ደብተር ገላግለኝ» አሉ።

ደብተሩን ተቀበልኩ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቅጠሉ አፈር አፈር ይሸታል። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ሲደርስ ከማሽላው ጋር ጉድጓድ ውስጥ ቀብረውት ነበር። «ብር ይገኛል፤ ማን ምን እንደወሰደ ግን ይህ ከጠፋ ማን ይነግረኛል?» አሉኝ።

ሦስት ቀን ስልክ ላይ የሚከፈት መዝገብ ሠራሁና ይዤ ሄድኩ። ለውጩ ደንበኛ እንደምሠራው አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ቀኑ በፈረንጅ፣ ሚዛኑ በኪሎ፣ ስሙ ከነቤተሰብ ስሙ። እታለም አዩትና ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ዕዳ አስጻፉኝ፤ «ሁለት ኩንታልና አምስት ጣሳ፣ ለህዳር ሚካኤል የሚከፈል።» የት ልጻፈው? ጣሳ የሚባል ቦታ የለው፣ ጳጉሜን አያውቅ። እንደገና ጀመርኩ። ወሩን 13 አደረግሁ፣ ሰዓቱን ከጠዋት አስጀመርኩ፣ ጣሳውንም በራሳቸው ጣሳ ሰፍሬ ከኩንታሉ ጋር አዛመድኩት።

አሁን ስሙኝ፤ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ህዳር ደረሰ፣ ማሽላው ገባ፣ ባለዕዳ መምጣት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። የእታለም ልጅ ስማቸውን በስልኩ ፈለገችና «አሥር ጣሳ ይቀርብዎታል» አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፣ እኔ ከእናትሽ ቤት አንድ ኩንታልም ወስጃለሁ። ልጆቼ የበሉትን እኔ አልክድም።»

ደነገጥኩ። ደብተሩን ገልጠን አየነው፤ እውነታቸውን ነው። ስማቸው በ«ኃ» ነው የሚጀምረው። እታለም ሲያስገቡ «ኃ» ብለው ጻፉ፣ ልጅቱ በሌላ ቀን «ሀ» ብላ ጻፈች። ለኛ ጆሮ አንድ ሰው ናቸው፤ ለስልኩ ሁለት ሰው። ዕዳው ለሁለት ተከፍሎ ከፊሉ ብቻ ታየ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃ በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ግን ቁጥሩ አይናገርም፤ ያንን ሠሪው ነው የሚያስገባው። የዚያን ሌሊት ፍለጋው ሞክሼዎቹን ሁሉ አንድ አድርጎ እንዲያይ አደረግሁት፤ የተጻፈው ስም ግን እንደተጻፈ ይቀመጣል። ሰው ስሙን በመረጠው ፊደል የመጻፍ መብት አለውና።

እታለም አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው ያዙ። «ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል?» መብራትና ስልክ ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ አይተዋል። መዝገቡን እዚያው ስልኩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ዋጋዬን ግማሹን በብር፣ ግማሹን በማሽላ ከፈሉኝ።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። እኔ ጎብዬ ነበርኩ። ለውጩ ደንበኛ የማስረክበው ሥራ ላፕቶፔ ላይ አልቆ ተቀምጧል፤ መላኪያ ግን የለም። መንገድ ተገኝቶ አዲስ አበባ ስደርስ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እንዴት ብዬ ላስረዳ? ለሁለት ዓመት ቀን ሳላሳልፍ ያስረከብኩ ሰው ድንገት ጠፋሁ። ያኔ ፔይፓል ኢትዮጵያ ያለ ሰው ገንዘብ እንዲቀበል ስለማይፈቅድ ክፍያዬን እንኳ የማገኘው በዘመድ በኩል ነበር፤ ያም አብሮ ቆመ። ይህ በኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። በርቀት እየሠራ ቤቱን የሚያስተዳድር ብዙ የክልሉ ልጅ ከገበያ ወጣ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የእታለም መዝገብ ጠዋት ጠዋት ይከፈት ነበር።

ጎብዬ ተመልሼ የአካባቢውን ልጆች ኮድ መጻፍ ማስተማር ጀመርኩ። ትምህርቱን በፍላሽ ይዤ መጣሁ፣ ላፕቶፔን እንደ ሰርቨር አድርጌ የልጆቹን ስልክ በዋይፋይ አገናኘሁ። በ2016 ሐምሌ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የምስክር ወረቀት ይዘው የሚመጡ አሉ። መልካም ነው፣ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ኮድ ሳላስነካ መጀመሪያ የምወስዳቸው እህል መደብሩ ነው። ሙሉ የገበያ ቀን ይቀመጣሉ፤ ማን ምን እንደጠየቀ፣ እታለም ምን ብለው እንደጻፉ ያያሉ።

ባለፈው አንዱ ልጅ ወደ ማታ ላይ እጁን አወጣ። «እታለም፣ ይህ ጣሳ በሙሉ ነው ወይስ በተቆለለ?»

እታለም ቀና ብለው አዩት። ወንበራቸውን ሳብ አደረጉና «ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉት።