ከገብስ ማዕድ እስከ ዛሬው እራት
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነው። ሐኪም «ስኳርህ እየጨመረ ነው፤ ክብደትህን ቀንስ፣ እራትህን አቅልል» ያለው ወጣት ወደ ቤቱ ይገባል። መግሪብ ተሰግዷል፣ ትሪው ቀርቧል፣ ቤተሰቡ ከቦ ይጠብቀዋል። ጥቂት ቆርሶ እጁን ሲሰበስብ እናት ትደነግጣለች። «ምነው ልጄ፣ አልጣመህም እንዴ? በአላህ ይዤሃለሁ፣ አንድ ጉርሻ!» ትለዋለች። ከማዕዱ ቢነሳ የእናቱን ልብ ይሰብራል፤ ቢቀመጥና እንደ ድሮው ቢበላ ሕመሙን ያባብሳል። ታዲያ ምን ያድርግ? መልሱን ከመስጠታችን በፊት የማዕዳችንን ታሪክ ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን እንመልከት።

ታላቁ መንገደኛ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ በዘይላ አልፎ መቅዲሾ ደርሶ ነበር። በእንግድነት የቀረበለትን ምግብ በዝርዝር ጽፎልናል። በቅቤ የተሠራ ሩዝ ነበር፤ በላዩ የሥጋ፣ የዶሮ፣ የዓሣና የአትክልት ወጥ፤ በወተት የበሰለ ሙዝ፤ እርጎ፣ የኮመጠጠ ሎሚና ዝንጅብልም ነበሩበት። ከዚያም የከተማዋ ሰዎች እያንዳንዳቸው የብዙ ሰው ምግብ እንደሚበሉና እጅግ ወፍራሞች እንደሆኑ ይነግረናል። እንግዲህ ውፍረት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። የባሕር ንግድ ባበለጸገው ከተማ ከሰባት መቶ ዓመት በፊትም ነበር።

ከዘይላ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ወደ ኢፋት ያደርስ ነበር። ኢፋት የወላስማ ሱልጣኖች ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የገዙት አገር ነው። ከዘመናት በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴዎች ዋና ገበያ ሆነች። ከቆላ ጨው ይወጣል፣ ከደጋ እህል ይወርዳል። ቆለኛና ደገኛ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ በአንድ ገበያ ተገናኝተው ይሸምታሉ።

ከገበያው በስተሰሜን ወደ ደጋው ሲወጣ የመንዝና የግሼ አገር ይገኛል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ታልፋለች። በዚህ ብርድ ጤፍ አይበቅልም። ጤፍና ማሽላ የሚገኙት ወረድ ባለው፣ በመርሐቤቴ ሸለቆዎችና በኢፋት ቆላ ነው። የደጋው እህል ገብስ ነው። እሱም በሶ፣ ቆሎ፣ ቂጣ፣ ገንፎና እንጀራ ሆኖ ይበላል። ከጎኑ ባቄላ፣ ምስር፣ ተልባና ጎመን ይቀርባሉ። ለአብዛኛው ገበሬ ሥጋና ቅቤ የበዓል ምግብ ነበሩ። ሰውም የበላውን እርሻው፣ ገደሉና ብርዱ ይጨርሱበት ነበር። በቅቤ የታሸ ጭኮ እንኳ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚጓዝ መንገደኛ የሚያዝ ስንቅ ነበር።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ማዕድ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት እንጀራ የገብስ ነበር። ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ.) በነብዩ ዘመን ዱቄት በወንፊት ይነፋ እንደሆነ ተጠይቀው፣ ገብሱን ፈጭተው ገለባውን በትንፋሽ እፍ ይሉት እንደነበር፣ የቀረውንም አቡክተው ይበሉት እንደነበር መመለሳቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። አነስ (ረ.ዐ.) ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ነብዩን ጋብዞ የገብስ እንጀራና የዱባ ወጥ እንዳቀረበላቸው፣ እሳቸውም ዱባውን ከሳህኑ ዙሪያ ይፈልጉ እንደነበር አውርተዋል። የዛሬ ሥነ ምግብ ተመራማሪዎችም ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር እንዳለው፣ ይህም ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲፈጭና ጥጋብ እንዲቆይ እንደሚረዳ ይነግሩናል።

እናት ለምን እንደምትደነግጥም ታሪክ ይነግረናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን አገር አጥፍቷል። በ1977ቱ ረሃብ መንዝና ግሼም፣ ይፋትና ጥሙጋም ተጎድተዋል። ያንን ዘመን ያየች እናት የልጇ ፊት ሲሞላ «አልሐምዱሊላህ» ብትል፣ ሲከሳ ብትሰጋ አይፈረድባትም። ለእሷ «በቃኝ» የሚለው ቃል የሕመም ወይም የኩርፊያ ምልክት ነው።

ነገር ግን ዘመኑ ተለውጧል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ለመውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ግን 8 ደርሰዋል። በዚያው ጊዜ ከልክ በታች የቀጨጩት ከ30 ወደ 22 ዝቅ ብለዋል። ረሃቡ ሳይወጣ ውፍረቱ ገባ ማለት ነው። ልጆቻችን ከደጋው ወርደው ከተማ ገቡ፤ ሥራቸው መቀመጥ ሆነ። ወንፊቱ ገለባውን ወሰደው፤ በጄሪካን የሚገባው ዘይት ወጡን አጥለቀለቀው፤ ስኳሩ ሻዩን ሞላው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደገባ የምታውቀው ምጣዱ ዳር ያለችው ናት። በረመዷንም ቀኑን ጾመን በሳምቡሳና በጣፋጭ ስናፈጥር ጊዜ ሚዛኑ ወደ ላይ ይወጣል።

ታዲያ ያ ወጣት ምን ያድርግ? ከማዕዱ አይለይ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አብረን እንድንበላና በዚያም በረካ እንዳለ አስተምረዋል። የአንድ ሰው ምግብ ለሁለት እንደሚበቃም ነግረውናል። የቀረበላቸውን ምግብ ነቅፈው አያውቁም፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ዝም ብለው ይተዉታል። ስለዚህ ልጁ የእናቱን ወጥ አያማ። ከፊቱ ካለው ይቁረስ፤ ጎመኑንና ምስሩን ያብዛ፣ እንጀራውን ይቀንስ። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ የሆድ ልክ ተነግሮናል፤ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለውሃ፣ ሲሶው ለትንፋሽ ነው። ከእራት በኋላ ለዒሻ ወደ መስጂድ በእግሩ ይሂድ። መርፌ ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር እራት አይዝለል።

ለቤተሰብም አደራ አለን። ለታመመው ለብቻው ሳህን ከማቅረብ የሁሉንም ወጥ ማቅለል ይሻላል። ዘይቱ ይቀነስ፣ ገብሱ ሳይነፋ ይቦካ፣ ሾርባው ይቅደም። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለልጆቹም ይጠቅማል። ገብስም ቢሆን ግን ከልክ ካለፈ ያወፍራል።

ለልጁ የምንለው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው፦ ለእናትህ በትሪው ፊት ሳይሆን በእርጋታ ጊዜ፣ ቡና ላይ ተቀምጠህ ንገራት። «እማዬ፣ የጠገብኩት አንቺ በረሃብ ዘመን ታግለሽ ስላሳደግሽኝ ነው። አሁን ደግሞ እንድቆይልሽ አግዢኝ» በላት። ረሃብን ያወቀች እናት የልክን ዋጋ ለማስተዋል ከማንም ትቀርባለች።

አላህ (ሱ.ወ.) ብሉ ጠጡ፣ ግን አታባክኑ ብሎናል። ማዕዳችንን በበረካ፣ አካላችንን በጤና ይሙላልን፤ የራበውንም ወገናችንን አንርሳ። አሚን።