የኪዮቶው አይጥ በቤተስዳ፦ መመዘኛው ማንን ይመዝናል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በስተምዕራብ፣ በቤተስዳ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1966 ከጃፓን አንድ የአይጥ ዝርያ ተረከበ። ዝርያውን ያስገኙት የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮዞ ኦካሞቶና ክዩዞ አኦኪ ነበሩ፤ ሥራቸውንም በ1963 አሳትመዋል። የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ አይጦችን መርጠው፣ ወንድምና እህትን ከትውልድ ትውልድ እያዳቀሉ፣ ያለ ቀዶ ሕክምናና ያለ መድኃኒት ግፊቱ በራሱ የሚጨምር ዝርያ አወጡ።

ተቋሙ ዝርያውን አራብቶ ለሌሎች ቤተ ሙከራዎች አዳረሰ፤ የግፊት መድኃኒቶችም በእርሱ ላይ ተፈተሹ። ተቋሙ በኋላም ይህንኑ ዝርያ ውፍረት ከሚያመጣ የዘር ለውጥ ጋር አዳቅሎ፣ ውፍረትንና የስኳር በሽታን አጣምሮ የያዘ ሌላ ዝርያ ፈጠረ።

ይሁን እንጂ የታመመ እንስሳ ትርጉም የሚኖረው ከጤነኛ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለማነጻጸሪያ የተመረጠው፣ በቤተስዳ ከ1971 ጀምሮ የተራባው ዊስታር-ኪዮቶ የተባለው አይጥ፣ ዘሩ ወጥ ከመሆኑ በፊት ለአራቢዎች ተከፋፈለ። በ1987 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ከተለያዩ አቅራቢዎች የተገዙ አይጦች በእድገትም በደም ግፊትም እንደሚለያዩ አሳየ። ስለዚህ ቀደም ሲል «ከጤነኛው ይለያል» የተባለው ሁሉ፣ የትኛው ጤነኛ የሚል ጥያቄ ተነሣበት።

ይኸው ጥያቄ በሰው ላይም ይነሣል። የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ፣ በአፍሪካ የተወለዱ ሰዎችን አጥንተው በ2015 ባሳተሙት ውጤት፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው የተለመደው የደም ምርመራ ብቻውን፣ በግሉኮስ መጠጥ ፈተና ከተገኙት የስኳር መዛባቶች ግማሽ ገደማውን እንደሚያልፍ አረጋገጡ። ከጾም ስኳር ምርመራ ጋር ሲጣመር ግን የተሻለ ይለያል።

አይጡ የበሽታውን አሠራር ለመረዳት ጠቅሟል፤ የበሽተኛውን ማንነት ግን አይተካም። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጤና መርሐ ግብር የሚነድፍ ሁሉ፣ የምርመራው ወሰን በማን ደም እንደተወሰነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። መመዘኛው ሳይፈተሽ «ጤነኛ ነህ» ተብሎ የተሸኘ ሰው፣ ሕመሙን የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ሊሆን ይችላልና።