የኑሮ ልማድ፣ ማኅበራዊ ትስስርና የአእምሮ ጤና በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ

የአእምሮ ጤና ማለት የአእምሮ ሕመም አለመኖር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው ትርጓሜ መሠረት፣ አንድ ሰው ችሎታውን ተገንዝቦ፣ የኑሮን ጫና ተቋቁሞ፣ ሥራውን በአግባቡ እያከናወነ ለማኅበረሰቡ አስተዋጽኦ ማድረግ የሚችልበት ሁኔታ ነው። ይህ ሁኔታ የሚጠበቀው በሕክምና ብቻ ሳይሆን በእንቅልፍ፣ በአመጋገብ፣ በአካል እንቅስቃሴ፣ ከሱስ በመራቅና ከሰዎች ጋር ባለ መልካም ግንኙነት ጭምር ነው።

የማኅበራዊ ትስስር ጠቀሜታ

የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ስሜት እንደሚጠቃ፣ ብቸኝነትም በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ከሚገመት ሞት ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። ብቸኝነትና ድብርት እርስ በርስ ይመጋገባሉ። በድብርት የተያዘ ሰው ከሰው ይሸሻል፤ ከሰው በሸሸ መጠንም ሕመሙ ይጸናበታል።

በሰሜን ሸዋ ይህን ዑደት ለመስበር የሚያግዙ ነባር ተቋማት አሉ። እድር፣ እቁብ፣ ማኅበር፣ ሰንበቴና የጎረቤት ቡና ሰዎች በየጊዜው እንዲገናኙና የቀረውን እንዲጠይቁ ያደርጋሉ። በለቅሶ ወይም በስብሰባ ላይ ያልተገኘ አባል መቀጮ እንዲከፍል የሚደነግጉ የእድር ደንቦች ብዙ ናቸው። ሆኖም በንቃት ይሳተፍ የነበረ ሰው በተደጋጋሚ መቅረቱ ቸልተኝነት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የድብርት ወይም የሌላ የአእምሮ ሕመም የመጀመሪያ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእድር ዳኞች መቀጮ ከመጣላቸው በፊት አባሉን ቤቱ ሄደው ቢጠይቁ፣ ሕመሙ ሳይከፋ ወደ ሕክምና እንዲደርስ ሊረዱት ይችላሉ።

ትስስራቸው የተቋረጠ ወገኖች

ደብረ ብርሃን በግጭት ምክንያት ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ዜጎችን አስጠልላለች። ተፈናቃዩ ቤትና ንብረቱን ብቻ ሳይሆን እድሩን፣ ጎረቤቱንና የቡና አጣጩንም ትቶ ይመጣል። በተመሳሳይ፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምሮ በከተማዋ ፋብሪካዎች ለመሥራት ከቤተሰብ ርቀው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣቶች አሉ። እንዲህ ያሉ ወገኖችን ለቡና መጥራት፣ በእድርና በማኅበር እንዲታቀፉ መንገዱን ማመቻቸት፣ ሐዘን ሲደርስባቸውም አብሮ መቀመጥ ለአእምሮ ጤናቸው ከፍተኛ ድጋፍ ነው።

ብርድ፣ አረቄና እንቅልፍ

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ በመሆኗ፣ አረቄ ያሞቃል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ቢሰጥም፣ ሰውነት በውስጡ የያዘውን ሙቀት እንዲያጣ ያደርጋል። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚጠጣ አረቄም ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊቱን እንቅልፍ ያቆራርጣል። ልማዱ ሲዘወተር ድብርትንና ጭንቀትን ያባብሳል፤ ጠብንና የቤተሰብ መፍረስንም ያስከትላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ የተከለከለ ነው።

የሚመከሩ ልማዶች

• አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ ይገባቸዋል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞና የእርሻ ሥራም ይቆጠራሉ።
• በቀን ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ መተኛት፣ በተቻለ መጠንም የመኝታና የመነሻ ሰዓትን አለማዛባት ይመከራል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ቀን የሚተኙበትን ክፍል ጨለማና ጸጥተኛ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።
• ጫትና ምሽት ላይ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍ ስለሚነሱ መቀነስ ወይም መተው ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የቆየ ሰው መጠጥ በድንገት ማቆሙ አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል የጤና ባለሙያ ማማከር አለበት።
• ችግርን ለሚታመን ሰው ማካፈል፣ የሚያዳምጠውም ሰው ሳይፈርድና ሳያቋርጥ መስማት ይገባል።

ጠበልና መድኃኒት

በዞኑ እንደ ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ወዳሉ የጠበል ስፍራዎች የሚጓዙ ሕሙማንና ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። ጸሎትና ጠበል ለሕመምተኛው ተስፋና ብርታት ሊሰጡ ይችላሉ፤ መድኃኒት መውሰድም እምነትን አይቃረንም። የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ሊያገረሽና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ስለሆነም ተጓዡ ለቆይታው የሚበቃ መድኃኒት ሊይዝ፣ በጾም ወቅት የሚወስድበትን ሰዓትም ከሐኪሙ ጋር ሊወስን ይገባል።

ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

መልካም ልማድና የሰው ድጋፍ ሕክምናን ያግዛሉ እንጂ አይተኩም። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ሐዘን፣ የፍላጎት ማጣት ወይም ተስፋ መቁረጥ፤
• የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ሥራን ማከናወን አለመቻል፤
• ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ወይም ያለ ምክንያት ሰዎችን መጠራጠር፤
• ራስን የመጉዳት ወይም የማጥፋት ሐሳብ።

የመጨረሻው ምልክት የታየበትን ሰው ብቻውን አለመተው፣ ፀረ ተባይ ኬሚካልና ሌሎች አደገኛ ነገሮችን ከአጠገቡ ማራቅ፣ ሳይዘገዩም ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በቅርብ የሚገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማነጋገር ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ታካሚ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን ሊይዙ፣ የሪፈር ቅደም ተከተሉንም ሊጠብቁ ይገባል። ሕመምተኛው ስለ ራሱ ማስረዳት ሊቸግረው ስለሚችል፣ የሚያውቀው የቤተሰብ አባል ወይም ጎረቤት አብሮት ቢሄድ ይመረጣል።