ጤና ጣቢያ ይበቃል ወይስ ስፔሻሊስት? ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ሆስፒታል የምትላክባቸው ምክንያቶች

በውስጥ መስመር ከምትልኩልን ጥያቄዎች አንዱ ሁሌም ይመለሳል። «ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምሬያለሁ፣ የምታየኝ ሚድዋይፍ ናት። ይበቃኛል ወይስ ስፔሻሊስት ጋ ልሂድ?» ጠያቂዋ እርጉዟ ብቻ አይደለችም፣ ባልም እህትም ይጠይቁናል። ስለዚህ ሴቭ አድርጋችሁ የምታስቀምጡት አንድ ጽሑፍ ይኑር ብለን ይሄን አዘጋጀን።

መጀመሪያ አንድ ታሪክ። የአንዳችን እህት ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ «ገንዘቡ ካለ ለምን ልሰለፍ» ብላ አንድ የግል ክሊኒክ ክትትል ጀመረች። በሄደች ቁጥር አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ ፎቶው ይሰጣታል፣ «ልጁ ደህና ነው» ተብላ ትመለሳለች። 7ኛ ወሯ ላይ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሰፈሯ ያለው ጤና ጣቢያ ጎራ አለች። ሚድዋይፏ ከመርፌው በፊት ግፊቷን ለካች፤ 160/110። ሽንቷ ሲታይ ፕሮቲን አለበት። በዚያው ቀን በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባች። በኋላ የክሊኒኩን ካርድ ስናይ የግፊት መጻፊያው ቦታ ከሁለተኛው ቀጠሮ ወዲህ ባዶ ነው። እናትም ልጅም ዛሬ ደህና ናቸው። ግን «ስፔሻሊስት» የሚለው ታፔላ ብቻውን ክትትል እንደማይሆን ከዚያ ወዲህ አልረሳንም።

ሚድዋይፍ ስንል የሰለጠነችውን ባለሙያ ነው እንጂ የልምድ አዋላጇን አይደለም። ሚድዋይፍ ጤናማ እርግዝናን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተልና ማዋለድ ሙያዋ ነው። ኮክሬን የሚባለው የጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ17 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 15 ጥናቶች አንድ ላይ ሲያይ፣ በሚድዋይፍ የተከታተሉት በመሣሪያ እየተጎተቱ የመውለድ ዕድላቸው አነስ ያለ ነበር፣ በአገልግሎቱም ይበልጥ ረክተዋል። ችግር የሌለባት ሴት ሐኪም ስላላየቻት የሚጎድልባት ነገር የለም ማለት ነው። «የመጀመሪያ ልጄ ስለሆነ ስፔሻሊስት ይሻላል» የምትሉም ብዙ ናችሁ። የመጀመሪያ እርግዝና መሆኑ ብቻውን ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ማን ናት ወደ ሐኪም የምትላከው? ማጣሪያው የሚጀምረው የመጀመሪያው ቀን በሚሞላው ቅጽ ነው። ያለፈ እርግዝናሽ እንዴት ነበር? አሁን ያለው እንዴት ነው? ሌላ በሽታ አለብሽ? ከእነዚህ በአንዱ ላይ «አዎ» ከመጣ ክትትሉ ሐኪም ይጨመርበታል ወይም ጭራሽ ወደ ሆስፒታል ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ቅጹ ሲሞላ አማት ወይም ባል አጠገብ ከተቀመጠ ብዙ ሴት እውነቱን አትናገርም። ያለፈ ውርጃ፣ ከትዳር በፊት የነበረ እርግዝና፣ የሚጥል በሽታ፣ ሁሉም ይደበቃል። ቅጹ ደግሞ የሚያየው የተነገረውን ብቻ ነው። «ብቻዬን ላናግርሽ» ማለት ትችላላችሁ፣ መብታችሁ ነው። ባሎችም «ውጭ ልጠብቅ» ብትሉ ምንም አይቀርባችሁም።

ያለፈው እርግዝና

ልጅ ሆድ ውስጥ ወይም በተወለደ በቀናት ውስጥ ሞቶ ከነበረ፣ በተከታታይ 3 ጊዜ ፅንስ ከወረደ፣ ያለፈው ልጅ ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች ወይም ከ4.5 ኪሎ በላይ ከነበረ፣ በግፊት ምክንያት ሆስፒታል ተኝታ ከነበረ፣ ሐኪም ያስፈልጋል። በተለይ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ወር ብዙ ምጥ ሳይኖር ፅንሱ የወረደባት ሴት የማህፀን በሯ አቅም አንሶት ሊሆን ይችላል። ይሄ የማህፀን በሩን በመስፋት ይታገዛል፣ ስፌቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ ነው የሚሠራው። «ሆዴ ሲታይ ነው ክትትል የምጀምረው» ያለች ሴት ይሄ ጊዜ ያልፋታል።

በኦፕራሲዮን የወለደችው ደግሞ ሌላ ናት። ማህፀን ላይ ያለው ጠባሳ በምጥ ሰዓት ሊከፈት ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማህፀኑ ታችኛው ክፍል ላይ አግድም የተቀደደች ሴት በምጥ ለመውለድ ስትሞክር ይሄ የሚደርሰው ከ200 አንዷ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ «አንዴ ኦፕራሲዮን ሁሌም ኦፕራሲዮን» የሚባለው ልክ አይደለም፣ በምጥ የሚወልዱ ብዙ ናቸው። ግን ያቺ አንዷ ስትመጣ ያለው ጊዜ ደቂቃ ነው። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል የለውም። ስለዚህ ጠባሳ ያለባት ሴት ምጧ መሆን ያለበት ቀዶ ጥገና በሚሠራበት ቦታ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቆዳችሁ ላይ ያለው ጠባሳ አቅጣጫ ማህፀኑ ላይ ያለውን አይነግርም። ውጪው አግድም ሆኖ ውስጡ ከላይ ወደ ታች ሊሆን ይችላል። ማህፀኗ ከላይ ወደ ታች የተቀደደች ሴት ጭራሽ ምጥ መጀመር የለባትም። ይሄን የሚናገረው ያኔ ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁ ወረቀት ነው። ከጠፋ ወደ ወለዳችሁበት ሆስፒታል ሄዳችሁ ቅጂ ጠይቁ። ማዮማ በቀዶ ጥገና ያስወጣችም ከዚሁ ወገን ናት።

ፌስቱላ ታክማ የዳነች ሴት ካረገዘችም እንደገና በምጥ መውለድ የለባትም፣ ጥገናው ሊቀደድ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ይህን ሕመም ሲያክም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ያው ተቋም የሚድዋይፎች ኮሌጅ ከፈተ። የፌስቱላ ዋና መነሻ ተይዞ የቆየ ምጥ ነውና ችግሩን ከምንጩ ለማቆም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገጠር ድረስ የሚደርስ ሚድዋይፍ ነው። የሚድዋይፍና የሐኪም ነገር ፉክክር የሚመስለው ካለ ይሄን ይይ።

ሾተላይ

ሾተላይን በሰፈር ቋንቋ የማያውቀው የለም፤ ልጅ እየተወለደ የሚሞትባት ሴት «ሾተላይ አለባት» ይባላል፣ ጸበልም ይዞራል። በሕክምና ሲታይ ጉዳዩ የደም ዓይነት ነው። እናት ኔጌቲቭ (ለምሳሌ ኦ ኔጌቲቭ)፣ ፅንሱ ከአባቱ ወስዶ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የልጁ ደም ወደ እናት ሲገባ ሰውነቷ ይዋጋው ይጀምራል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ አይነካም። የሚጎዳው ቀጣዩ ነው።

መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያም ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ውርጃ ወይም ደም መፍሰስ ካጋጠመም ያስፈልጋል፣ ይሄኛው ነው ብዙ የሚዘነጋው። መርፌው ውድ ነው፣ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም፤ ቀድማችሁ ፈልጉ፣ ገንዘብም ያዙ። ሰውነቷ አስቀድሞ መዋጋት ከጀመረ ግን መርፌው አይሠራም። ያኔ ፅንሱ ደም እያነሰው መሆኑን በአልትራሳውንድ እየለካ የሚከታተል ስፔሻሊስት ነው የሚያስፈልገው። ሁሉም ነገር የሚጀምረው የመጀመሪያው ቀን ከምትሰጡት ጥቂት ደም ነው።

ግፊት

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከሱ ጋር ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ፕሪኢክላምፕሲያ ይባላል። ክፋቱ እናትየው ምንም ላይሰማት መቻሉ ነው። እህታችንም «ትንሽ እግሬ አብጧል» ነበር ያለችው። ከባሰ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ጨጓራ አካባቢ ሕመም ይመጣል፣ ከዚያ ማንቀጥቀጥ። ሚድዋይፍ ታገኘዋለች፣ ማንቀጥቀጡን የሚከላከለውን የማግኒዚየም ሰልፌት መርፌም ጀምራ ትልካለች። ግን ልጁ ገና 7 ወሩ ሆኖ እናቱን ለማዳን አሁን ይወለድ ወይስ ጥቂት ቀን ይቆይ የሚለው ውሳኔ የስፔሻሊስት ነው፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለበት ሆስፒታል።

ባለፈው እርግዝና ይሄ የደረሰባት፣ ወይም ከእርግዝና በፊትም ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ሴት ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በትንሽ መጠን አስፕሪን ሊታዘዝላት ይችላል። ከ16ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። በራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጀምሩ፣ ጠይቁ።

ሌላ በሽታ ካለ

በአገራችን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳ በሽታ ብዙ ወጣት ሴቶች ላይ አለ። በእርግዝና የደም መጠን ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የጠበበ ቫልቭ ያላት ሴት ልብ ይሄን ላይችል ይችላል። ደረጃ ስትወጣ ከወትሮው የባሰ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ለመተኛት ሁለት ሦስት ትራስ የምትደራርብ እርጉዝ «እርግዝና ነው» ተብላ መታለፍ የለባትም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ኖሯት ዋርፋሪን የምትወስድ ደግሞ ጣጣዋ ሁለት ነው። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ በራሷ ካቆመች ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ይሄን የልብ ሐኪምና የማህፀንና ፅንስ ሐኪም አብረው ካልሆነ አንዱ ብቻውን አይወስነውም።

የሚጥል በሽታም ተመሳሳይ ነው። ሶዲየም ቫልፕሮዬት የፅንሱን አንጎልና ህብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል፣ ድንገት ማቆም ግን ሌላ አደጋ ነው። ስኳር ያለባት ደግሞ ብትችል ከማርገዟ በፊት ነው ሐኪም ማየት ያለባት፣ ምክንያቱም የልጁ ልብና ሌሎች አካላት የሚሠሩት ብዙ ሴት ማርገዟን ገና ባላወቀችባቸው ሳምንታት ነው። ከባድ የደም ማነስ (ሄሞግሎቢን ከ7 በታች) እና የኩላሊት ሕመምም ወደ ሆስፒታል ያስልካል። ዕድሜ ከ16 በታች ወይም ከ40 በላይ መሆንም እዚሁ ይገባል።

ኤች አይ ቪ ግን በራሱ አያስልክም። መድኃኒቱን በዚያው ጤና ጣቢያ፣ በዚያችው ሚድዋይፍ እጅ መከታተል ይቻላል።

በመሀል የሚመጣ

መንታ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ። ከመንታም መንታ አለው። ሁለቱ አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ ከሆነ የአንዱ ደም ወደ ሌላው ሊዞር ይችላል፤ ስለዚህ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ አልትራሳውንድ ይመከራል። መጋራታቸው በደንብ የሚለየው ከ14ኛው ሳምንት በፊት ነው።

ሕመም የሌለው ደማቅ ቀይ ደም ከፈሰሰ እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ሳይታይ በጣት መመርመር የለባትም፣ ይሄን ለባለሙያው ማስታወስ ነውር አይደለም። በ20ኛው ሳምንት «እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል» የተባለችው ግን ብዙ ጊዜ ማህፀኗ ሲያድግ ከፍ ይልላታል፤ በ32ኛው ሳምንት አካባቢ እንደገና ትታይ። በፊት ኦፕራሲዮን የሆነችና እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ያረፈ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል፣ ደም ባንክ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ነው የሚያስፈልጋት። በ7ኛው ወር ልጁ በመቀመጫው ቢሆን ደግሞ አትጨነቁ፣ አብዛኛው ይዞራል። 36ኛው ሳምንት ላይም እንደዚያው ከሆነ ያኔ ነው ሪፈር።

ሪፈር ከተጻፈ በኋላ

ሪፈር መጻፍ የሚድዋይፏ ድክመት አይደለም፣ የሥራዋ አካል ነው። የአገር አቀፉ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ 8 ቀጠሮ ይላል፣ የመጀመሪያው ከ12ኛው ሳምንት በፊት። ከላይ ከጠቀስናቸው ብዙዎቹ የሚገኙት በድግግሞሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንዴ በባለሙያ ሲታዩ፣ 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት 43ቱ ብቻ ነበሩ። በመሀል የጠፉት 31ዱ ግፊታቸውን ማን ለካቸው?

የተላካችሁበት ቦታ ላይ ሁሌም ስፔሻሊስት አይጠብቃችሁም። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ለዚሁ በማስተርስ የሰለጠኑ የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች ናቸው። ለአስቸኳይ ኦፕራሲዮን ይሄ በቂ ነው። የልብ ሕመም፣ የጠበቀ ሾተላይ ወይም ጠባሳ ላይ ያረፈ እንግዴ ልጅ ከሆነ ግን «ወደ የትኛው ሆስፒታል ነው የሚጻፍልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ ከመላክ ያድናል። ሪፈሩ ለአንድ ምርመራ ከሆነም ተመልሳችሁ ከሚድዋይፏ ጋር መቀጠል ትችላላችሁ።

ከሆስፒታል ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ የእናቶች ማቆያ ይኖር እንደሆነ ጠይቁና ቀናችሁ ከመድረሱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የክትትል ካርዱን፣ የደም ዓይነታችሁን ውጤትና የድሮውን የኦፕራሲዮን ወረቀት ደግሞ ዛሬውኑ ፎቶ አንስታችሁ ለባላችሁ ወይም ለእህታችሁ ላኩ፤ ምጥ ሌሊት ሲመጣ ወረቀቱ ያለበትን መሳቢያ የምታውቁት እናንተ ብቻ እንዳትሆኑ።