ውሃ የመሰከረለት ዋናተኛ

ባሕር ሳላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ዋና የተማርሁት ከሰፈር ልጆች ጋር ወንዝ ወርጄ ነው። እዚያ ዳኛም ሰዓትም አልነበረም፤ ማን እንደቀደመ ዳር የቆመ ሁሉ ያይ ነበር። የዱክ ካሃናሞኩን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ከሜዳሊያዎቹ ይልቅ ስለ አንድ ሰዓት የማስበው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዱክ በ1890 እ.ኤ.አ. (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሃዋይ ደሴቶች፣ በሆኖሉሉ ተወለደ። ገና ሁለት ዓመቱ ሳለ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋናቸው ተገለበጡ፤ በ1898 ደግሞ አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች። ልጁ በዋይኪኪ ሞገድ ላይ አደገ።

ኦገስት 11 ቀን 1911 በሆኖሉሉ ወደብ ጨዋማ ውሃ ውስጥ 100 ያርድ በ55.4 ሰከንድ ዋኘ። ውጤቱ በዋናው ምድር ላሉት የአማተር ስፖርት ኃላፊዎች ሲደርሳቸው አላመኑም። ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል፤ የውሃው ግፊት አግዞት ይሆናል ተባለ። ክብረ ወሰኑ በወቅቱ አልጸደቀም።

መጠራጠር የዳኛ ወግ ነው፤ በዚህ አልፈርድም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከዳር አገር የመጣ ሰው አንዴ ማሸነፉ አይበቃውም፤ ዓይናቸው ሥር ቆሞ መድገም አለበት።

ዱክም ደገመው። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቅ ወሰደ። የሚገርመው፣ ያ ውድድር የተካሄደው በገንዳ ሳይሆን እንደ ሆኖሉሉው በባሕር ሰርጥ ውስጥ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይሄ ነው። የተሸለመው ግን ደሴቶቹን በጠቀለለችው አገር ባንዲራ ሥር ነበር።

የ1916ቱን ኦሊምፒክ ጦርነት ሰረዘው። ዱክ በ1920 በአንትወርፕ፣ በ30 ዓመቱ፣ በ100 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሁለት ወርቅ አገኘ። በ1924 ፓሪስ ላይ ወጣቱ ጆኒ ዋይዝሙለር ቀደመው፤ ዱክ ሁለተኛ፣ ወንድሙ ሳሙኤል ሦስተኛ ወጡ።

በቀጣዩ ዓመት በካሊፎርኒያ ጠረፍ አንዲት ጀልባ በማዕበል ተገለበጠች። ዱክ በሞገድ መንሸራተቻ ጣውላው እየተመላለሰ ስምንት ሰዎችን ከሞት አወጣ። ያን ቀን ሰዓት የያዘለት አልነበረም። ዳር የቆሙት ግን አይተዋል።