ማውስ፦ ከእንጨት ሳጥን እስከ ዩኤስቢ

ኮምፒውተር የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚጨብጠው ማውስን ነው። ማውስን ያሰበው አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን፣ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ከእንጨት ሠራው። ከሥሩ ሁለት መንኮራኩሮች ነበሩት፤ አንዱ የግራና ቀኙን፣ ሌላው የፊትና ኋላውን ጉዞ ይለካሉ። በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ታየ።

ቀጥሎ መንኮራኩሮቹ በኳስ ተተኩ። ኳሷ ስትንከባለል ውስጥ ያሉትን ሁለት ዘንጎች ታዞራለች። እንደ ሞያሌ አቧራ በሚበዛበት ቦታ ግን ቆሻሻ ዘንጎቹ ላይ ይጋገርና ቀስቷ አልሄድ ትላለች። መፍትሔው ከፍቶ መጥረግ ነው። ከ1999 ወዲህ የተስፋፋው ባለ መብራቱ ማውስ ኳስ የለውም። ትንሽ ካሜራው ጠረጴዛውን በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ እያነሳ ያለፈውን ምስል ከአሁኑ ጋር ያስተያያል። ጥርት ያለ መስታወት ላይ ካደረጋችሁት ግን የሚያየው ምልክት ስለሌለ ግራ ይገባዋል።

ልብ በሉ፤ ማውስ "የት ነኝ" አይልም፣ "ይህን ያህል ሄድኩ" ብቻ ነው የሚለው። ይህን ቃል ለመስማት ኮምፒውተሩ ቋንቋውን ማወቅ አለበት። ድሮ መሰኪያውም ቋንቋውም ብዙ ዓይነት ነበር፤ አይቢኤም በ1987 ያመጣው ክቡ መሰኪያ አንዱ ነው። በ1996 የወጣው ዩኤስቢ አስማማቸው። ዛሬ አንድ ተራ ማውስ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል።

በእርዳታ በመጡ የተለያዩ ኮምፒውተሮች ለሚያስተምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአንዱ ማውስ ቢሞት ከሌላው ነቅሎ ትምህርቱን መቀጠል ይቻላል። ክቡን መሰኪያ ስትነቅሉና ስትሰኩ ግን አስቀድማችሁ ኮምፒውተሩን አጥፉት።